የአልማዝና የውኃ የጋራ ዕቅድ፦ አሞኒያውን እናቆየው ወይስ እንጣለው?

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምርምር ዕቅዳችን ረቂቅ ገና መጀመሪያው ላይ ተገትሯል። «በአልማዝና በብርሃን ከናይትሮጂን አሞኒያ እንሠራለን» ይላል። ዓረፍተ ነገሩ ያጓጓል፤ እኔን ግን ትንሽ አስፈርቶኛል። ሐሳባችሁን ጣል አድርጉ።

የገጽታ ኬሚስት፦ እኔ ይውጣ ባይ ነኝ። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የኬሚስቱ የሃመርስ ቡድን አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ በዚህ መንገድ አሞኒያ ማግኘቱን አሳትሟል፤ መንገዱ አለ። ችግሩ አሞኒያ የሌለበት ቦታ የለም። ከአየሩ፣ ከጓንቱ፣ ከትንፋሻችን ሳይቀር ይገባል። ከተራው ከበድ በሚልና ተለይቶ በሚታወቀው ናይትሮጂን፣ በናይትሮጂን 15፣ አሞኒያው ከሰጠነው ናይትሮጂን መምጣቱን ካላረጋገጥን ገምጋሚው በአንድ መስመር ያሰናብተናል።

ናይትሮጂኑን ወደ አሞኒያ የሚቀይረው ብርሃን ከአልማዙ የሚያወጣው ኤሌክትሮን ነው፤ መጀመሪያ እሱ ወጥቶ ውኃ ውስጥ መግባቱን እናሳይ። ገጹ ሃይድሮጂን በለበሰ አልማዝ፣ ብርሃን ያነሳው ኤሌክትሮን ያለበት የኃይል ደረጃ ከውጪው ከፍ ይላል። ስለዚህ ሲወጣ ቁልቁለት ነው። ኦክስጅን ሲለብስ ግን ዳገት ይሆንበታል። የቱ እንደለበሰ በዓይናችሁ ትለያላችሁ፦ የውኃ ጠብታ ሃይድሮጂኑ ላይ ዶቃ መስላ ትቆማለች፣ ኦክስጅኑ ላይ ትዘረጋለች። ጠብታዋን ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊትም በኋላም እናስቀምጥ። ውኃ ውስጥ ብርሃን ሲበዛበት ሃይድሮጂኑ ቀስ በቀስ በኦክስጅን ይተካልና።

የሌዘር ክፍል፦ በጀቱ ላይ ተራ የሜርኩሪ መብራት አየሁ። እሱ በዋናነት የሚያበራው 254 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ ነው፤ በኃይል መለኪያ ወደ 4.9 ኤሌክትሮንቮልት። አልማዝ ኤሌክትሮኑን ለማንሳት 5.5 ይፈልጋል፣ ማለትም 225 ናኖሜትር አካባቢና ከዚያ በታች። ከገጽታ ጉድለቶች ትንሽ ይወጣ ይሆናል፣ እሱን ተማምኖ ግን ዕቅድ አይጻፍም። መስኮቱም ኳርትዝ ይሁን፤ ተራ ብርጭቆ ይህን ብርሃን ድራሹን ያጠፋዋል። ልኬቱን ለእኔ ተዉት። ውኃ ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን 720 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ስለሚውጥ እሱን እከታተላለሁ። የሟሟ ኦክስጅን ካለ ግን ኤሌክትሮኑን ቶሎ ይቀማናል፤ ውኃው ውስጥ ኦክስጅኑን እንዲያስወጣ መጀመሪያ አርጎን ጋዝ ይለፍበት።

ጀማሪ ተመራማሪ፦ ይቅርታ፣ መሐል ልግባ። ኤሌክትሮኑ ሲሄድ አልማዙ ውስጥ የሚቀረውን ክፍተት ለመሙላት ሰልፋይት የሚባል የድኝ ጨው ውኃው ውስጥ እንጨምራለን ተብሏል። ሰልፋይት ራሱ በዚህ ብርሃን ኤሌክትሮን ይለቅ የለ እንዴ?

የገጽታ ኬሚስት፦ ይለቃል! ጎበዝ። እኔው ነኝ የጻፍኩት፣ አፈርኩ። ከአልማዙ መጣ ብለን ስንጨፍር ከሰልፋይቱ ሆኖ ቁጭ ይል ነበር። ይሰረዝ። ቦሮን ያለበትን አልማዝ እንጠቀም፤ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ክፍተቱ እንዲሞላ ከጀርባው በሽቦ አድርገን ከሌላ ኤሌክትሮድ ጋር እናገናኘዋለን። ያለ አልማዝ የሚደረግ ሙከራም ይግባ።

አስተባባሪ፦ እንግዲያው አንቀጹ እንዲህ ይሁን፦ «ሃይድሮጂን የለበሰና ኦክስጅን የለበሰ አልማዝ በአንድ ዓይነት ብርሃን ወደ ውኃ የሚሰጡትን ኤሌክትሮን እናነጻጽራለን።» አሞኒያው ከናይትሮጂን 15 ጋር ሁለተኛው ዙር ላይ ይጠብቀን። አንዳንዱ አንባቢ ይቀዘቅዝብናል፤ ይቀዝቀዝ። ሌዘሮች፣ የመብራቱን መስመር እስከ ሐሙስ አስተካክላችሁ ላኩልኝ።