ሙቀቱ ሳይከርብኝ ጓሮዬን ምን ላድርገው?

ባለ ጓሮው
ሰላም ለሁላችሁ። ፀደዩ ሊወጣ ነው፣ እኔ ያለሁበት ደግሞ ሙቀቱ ቀልድ አያውቅም። ስድስት እግር ቲማቲም አለኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት አበባ በአበባ ሆነው ነበር። አሁን ጠዋት ስወጣ አበባው መሬት ላይ ረግፎ አገኘዋለሁ። አንዱን አንስቼ አየሁት። ቢጫ ሆኗል፣ አንገቱ ላይ ካለችው ትንሽ አንጓ ላይ በመቀስ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። ርቦት ነው ብዬ ዩሪያ ጨመርኩለት። ቅጠሉ ጠቆረ፣ ወፈረ፤ ፍሬ ግን ወፍ የለም። ሰላጣውም ወደ ላይ ተመዘዘ፣ ብቀምሰው መረረኝ። ጊዜ ያለኝ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው። ከምን ልጀምር?

አፈር ወዳድ
መጀመሪያ ዩሪያውን ደብቀው። ዩሪያው ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሲበዛ ቲማቲም ቅጠሉን እንጂ ፍሬውን አያስብም። አበባውን የሚያረግፈው ግን ሙቀቱ ራሱ ነው። ቀን ከ32፣ ሌሊት ከ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሰነብት የአበባው ዱቄት ይበላሻል፣ ያልፀነሰው አበባ ይወድቃል። ትንንሽ ፍሬ የሚሰጡት ዝርያዎች ይሻላሉ፣ ትልልቆቹ ግን ቶሎ ነው እጅ የሚሰጡት።

ቅዳሜህን ለጉዝጓዝ ስጣት። አረሙን ንቀል፣ በደንብ አጠጣ፣ ከዚያ ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር አልብሰው። ሳታጠጣ ከጎዘጎዝክ ድርቀቱን ነው የምትሸፍነው። ግንዱን አታስነካው፣ ይበሰብስብሃል። ሰላጣውን ተሰናበተው፤ አንዴ ከመረረ አይመለስም። በቦታው ባሚያ ወይም ስኳር ድንች ትከል፣ እነሱ ሙቀት ይወዳሉ።

ባለ ጓሮው
እሺ። ውሃ እኮ በየማታው አጠጣለሁ፣ ከሥራ ስገባ አምስት ደቂቃ ያህል። አይበቃም እንዴ? ቅጠሉንስ ልመልምለው?

ጣቱ ጭቃ
አይበቃም ወንድሜ። እኔም እንዳንተው ነበርኩ። አንድ ቀን አጠጥቼ ስጨርስ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰደድኩ። ላዩ ጭቃ ነው፤ ሁለተኛው አንጓ ጋ ስደርስ ዱቄት! ሥሩም ያቺን ጭቃ ተከትሎ ላይ ላዩን ይቀራል፣ አንድ ቀን ስትረሳው ይጠወልጋል። በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ በጠዋት፣ ሥሩ ላይ፣ ቀስ ብለህ እስኪጠልቅ አጠጣ። አንዴ አስጠምተህ አንዴ ካጥለቀለቅከው የፍሬው ቂጥ ይጠቁራል። ብዙ ሰው በሽታ ይመስለዋል፤ ካልሲየሙ ከውሃው ጋር ፍሬው ጋ ሳይደርስ ቀርቶ ነው።

መቀሱን ግን አስቀምጥልኝ። ባለፈው ዓመት አየር ያግኝ ብዬ ገላለጥኩት። ሳምንት ሳይሞላ ፍሬው በፀሐይ በኩል ነጣ፣ እንደ ወረቀት ሳሳ። አፈር የሚነካውን ቅጠል ብቻ አንሳ። ከቻልክ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በምትመጣበት በኩል የጥላ መረብ ወጥር። ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚያጠላው ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ጨለማ ነው።

አፈር ወዳድ
አንድ ነገር ረሳሁ። ቅጠሉን ገልብጠህ እይ። ነጫጭ ነጠብጣብና ቀጭን ድር ካለ ቀይ ሸረሪት የሚሉት ጥቃቅን ተባይ ነው፣ ደረቅ ሙቀት ነፍሱ ነው። ከቅጠሉ ሥር በውሃ ግፊት እጠበው፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ ድገመው።

ባለ ጓሮው
አሁን በስልኬ መብራት ወጥቼ ገለበጥኩት። ድር አለ። በቃ ቅዳሜን አልጠብቅም፤ ነገ በማለዳ ጎማውን እዘረጋለሁ።