ከውጭ የላክነው የሕክምና ገንዘብ ካሳ አይደለም

ጥያቄ፣ ከደምበጫ (አሁን ጀርመን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴን ከገበያ ስትመለስ ደምበጫ መውጫ ላይ ኢሱዙ ገጫት። ጭኗ ተሰብሮ ባሕር ዳር ተኝታለች። ሾፌሩ በዋስ ወጥቷል፣ ሽማግሎች ቤት ይመላለሳሉ። የሕክምናውን ወጪ የምልከው እኔ ነኝ። ወንድሜን «እህትህ ውጭ ናት፣ እናንተ ምን ካሳ ያስፈልጋችኋል?» ይሉታል። እሱም አፍሯል። ምን ይሻላል?

መልስ፣ ከቡሬ (አሁን ካናዳ)፦
እህቴ፣ እግዜር ይማራቸው። በእሳቸው ዕድሜ የጭን ስብራት ከባድ ነው፤ ከሁሉ በፊት ሕክምናው ይቅደም።

ሽማግሎቹ ያሉትን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አንቺ የምትልኪው የልጅነትሽን ነው። ካሳው ደግሞ የባለ መኪናውና የኢንሹራንሱ ዕዳ ነው። አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። ልጁ ውጭ ስለሆነ የተገጨ ሰው መብቱ ይቀንሳል የሚል ሕግ የለም።

በእኛ አገር፣ ከደጀን እስከ ዳንግላ ባለው መንገድ፣ ነገሩ የሚሄደው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ሽማግሌ የሚልከው ሾፌሩ ነው። ሾፌር ደግሞ ተቀጣሪ ነው፣ ልጆች አሉት፣ እጁ አጭር ነው። ቤተሰቡ ያዝንለታል፤ ማዘኑም ደግ ነው። «ለእግዜር ብለናል» ተብሎ ወረቀት ይፈረማል። በዚያ ወረቀት የሚገላገለው ግን ማን ነው? ከተማ የተቀመጠው ባለ መኪናና ዓረቦን ሲሰበስብ የኖረው ኢንሹራንስ። የተጎጂዋን ደጃፍ አንድ ቀን አልረገጡም። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

ሕጉ ለእናትሽ ያደላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 ባለ መኪናው፣ የሚነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። የእሱን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። ዋናው ማምለጫው «ጥፋቱ የተጎጂዋ ነው፣ ድንገት ገባችብኝ» ማለት ነው። ለዚህ ነው ትራፊክ ፖሊሱ ያነሳው ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) ትልቅ ዋጋ ያለው። እናትሽ መንገድ ዳር እየሄዱ ከነበረ ፕላኑ ላይ መስፈር አለበት። ወንድምሽ ሄዶ ይጠይቅ። ያዩ ሰዎችም ቃላቸውን ዛሬ ይስጡ። ከገበያ የሚመለስ ሰው ከየቀበሌው ነው፤ ከወራት በኋላ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ቀጥሎ የመኪናውን ሰሌዳና የሦስተኛ ወገን መድኑን (መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባውን ኢንሹራንስ) ያረጋግጥ። መድን የሌለው መኪና መንገድ ላይ እንዳይወጣ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ይከለክላል። አዋጁ ሲወጣ ለአካል ጉዳት ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። መጠኑ በመንግሥት ደንብ ሊሻሻል ስለሚችል አሁን የሚሠራበትን እዚያው ኢንሹራንሱን ጠይቁ። ኪሳራው ከጣሪያው ካለፈ ቀሪው ከባለ መኪናው ይጠየቃል። (ገጭቶ ላመለጠ ወይም መድን ለሌለው መኪና የመድን ፈንድ የሚባል አለ። የእናንተ ሾፌር ስለታወቀ፣ መኪናው መድን ካለው ወደዚያ አትሄዱም።)

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ውጭ ያለን ሰዎች ገንዘብ እንልካለን፣ ወረቀት ግን አንጠይቅም። አንድ ዘመዴን ባጃጅ ገጭቶት ነበር። ለሕክምናው ብዙ ገንዘብ ወጣ። ፍርድ ቤት የተቆጠረለት ግን ደረሰኝ የተገኘለት ብቻ ነው። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት፣ ከራጅ፣ ከአምቡላንስ፣ ከኮንትራት መኪና ሳይቀር ደረሰኝ ይያዝ። በእናትሽ ስም ይሁን። ወንድምሽ በየቀኑ ፎቶ እያነሳ ይላክልሽ፣ አንቺ ጋ ይቀመጥ። ይህን ከሩቅ ሆነሽ ልትሠሪው ትችያለሽ፤ ከምትልኪው ብር ያላነሰ ይጠቅማቸዋል።

ሌላው የእናትሽ ገቢ ነው። ቅቤም ይሸጡ አረቄ ያውጡ፣ መሬት የእኩል ያሳርሱ፣ ይህ ሁሉ ገቢ ነው። የመሬት ደብተሩ ይቅረብ፣ ቀበሌው ይጻፍላቸው፣ የገበያ ጎረቤቶቻቸው ይመስክሩ። ሕክምናው ሲያልቅ የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይወስናል። ፍርድ ቤት የተቋረጠውን ገቢ የሚያሰላው በዚያ ነው። ለሕሊና ጉዳት ሕጉ የፈቀደው ከ1,000 ብር አይበልጥም። ስለዚህ በእንባ ብዛት የሚገኝ ነገር የለም፣ ማስረጃ ነው የሚያስፈልገው። እግሩ ሳይድን፣ ቦርዱ ሳይናገር በቁርጥ ገንዘብ መስማማትም ኪሳራ ነው። ማን ያውቃል፣ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ቢያስፈልግስ?

ክሱን ጉዳቱ በደረሰበት ቦታ ማቅረብ ይቻላል፤ ባለ መኪናውን ተከትሎ አዲስ አበባ መውረድ የለም። እሳቸው መንቀሳቀስ ካቃታቸው ወንድምሽ ልጃቸው ስለሆነ ውክልና ሰጥተውት ሊከራከርላቸው ይችላል። የዳኝነት ክፍያ ከከበዳቸውም በድህነት ለመክሰስ እንዲፈቀድላቸው ማመልከት ይችላሉ። ጊዜው ግን አይጠብቅም፤ ክሱ የሚቀርብበት ጊዜ በመሠረቱ 2 ዓመት ነው፣ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ይቆጠራል። በሽምግልና ምልልስ እንዳያልፍባችሁ።

አስተያየት፣ ከሞጣ (አሁን አሜሪካ)፦
የቡሬው ወንድሜ፣ ያልከው ልክ ነው። ግን የሽማግሌ ቃል መርገጥ በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ሾፌሩ ያገር ልጅ ከሆነ ነገ በሠርግም በለቅሶም ይገናኛሉ። ቂም ቢተርፍስ?

መልስ፣ ከቡሬ፦
ጋሼ፣ ሽምግልናውን ማንም አይረግጠውም። እኔ የምለው ዕርቁና ካሳው ይለያዩ ነው። ወረቀቱ ላይ «ለሾፌሩ ይቅር ብለነዋል፣ ቅጣት እንዲቀልለት አንቃወምም፤ ከባለ መኪናውና ከኢንሹራንሱ የምንጠይቀው የጉዳት ካሳ ግን እንደተጠበቀ ነው» ተብሎ ይጻፍ። ሾፌሩ ምሕረት ያገኛል፣ ቂምም አይኖርም። ሽማግሎቹም እውነተኛ ከሆኑ ባለ መኪናውን ራሱን ጠርተው ያስቀምጡት። «ከእንግዲህ ምንም አንጠይቅም» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለበት ግን አይፈረም። የግልግል ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ልክ እንደ መጨረሻ ፍርድ ነው። በኋላ «አላወቅንም ነበር» ማለት አያዋጣም።

ጥያቄ፣ ከደምበጫ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ደውዬ ነበር። ወንድሜ ለካ ባለፈው ሳምንት አንድ ወረቀት ፈርሟል፣ ትንሽ ብርም ተቀብሏል። እናቴ አልፈረመችም፣ ሆስፒታል ነበረች። አበቃ ማለት ነው?

መልስ፣ ከቡሬ፦
አላበቃም። መብቱ የእሳቸው ነው። ልጅ መሆን ብቻውን በእናት መብት ላይ ለመታረቅ አያበቃም፤ ለዚያ በግልጽ የሚፈቅድ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ውክልና ሰጥተውት ከሆነ ግን ጽሑፉ መታየት አለበት። የወረቀቱን ግልባጭ ዛሬውኑ ያምጣ። የተቀበለውን ብር አትደብቁት፤ መጠኑና ቀኑ ይጻፍ፣ ከካሳው ላይ ይታሰባል። እናትሽ ደግሞ ወረቀቱን እንደማያውቁትና እንዳልተስማሙ በጽሑፍ፣ በጣት አሻራቸው ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ያሳውቁ። ከዚያ ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ ጠበቃ ያነጋግሩ። ከሚከፈለው ካሳ ላይ ድርሻ ይዞ የሚሠራ ጠበቃም ስለማይጠፋ፣ ብር የለንም ብላችሁ እንዳትቀሩ።