ለግልገል ፍየሎች ፕሮባዮቲክ፦ በወተት ወይስ በመኖ?

ጥያቄ፦ አርቢ (ባቱ)
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከ3 እስከ 10 ሳምንት የሆኑ 14 ግልገሎች አሉ። አሥራ ሁለቱ ይጠባሉ፣ ሁለቱ የእናታቸው ወተት ስላነሰ በጡጦ ይጠጣሉ፤ ማታ ማታ ፉርሽካ ይቀርብላቸዋል። ትልልቆቹ ጡት መተው ሲጀምሩ ኪሏቸው ይቆማል፣ አንዳንዶቹንም ያስቀምጣቸዋል። ከመድኃኒት ቤት የተገኘው የፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ ሕያው ተህዋስያን ያሉበት) ዱቄት «ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ፣ በ1 ግራም 10 ቢሊዮን ሲኤፍዩ» ይላል፤ የእርሾ ዓይነት ነው፣ ሲኤፍዩ ደግሞ በሕይወት ያለው ሕዋስ ብዛት ነው። በወተት ልስጥ ወይስ በመኖ? ስንት ግራም? የዳቦ እርሾስ ያው አይደለም ወይ? እርጎስ ይሆናል?

መልስ፦ መኖ ቀላቃይ
በመኖ ይስጡ። ግልገል ሲጠባ ከጉሮሮው በታች ያለው ቦይ ተጣጥፎ እንደ ቱቦ ይዘጋና ወተቱ ጨጓራውን (ትልቁን የመጀመሪያ የሆድ ክፍል) አልፎ በቀጥታ ወደ አራተኛው የሆድ ክፍል ይወርዳል። ጨጓራ የሚገባው የሚታኘከው ነው። የዚህ እርሾ ሥራ ደግሞ ጨጓራ ውስጥ ነው፤ ከመኖ ጋር የሚገባውን ጥቂት ኦክስጅን ስለሚጠቀምበት ድርቆሽ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ይመቻቸዋል፣ እህል ሲበዛ የሚመጣው አሲድም ይቀንሳል። በጡጦ የተሰጠ እርሾ እዚያ አይደርስም። በጡጦ ለሚጠጡት ሁለት ግልገሎች ላክቶባሲለስ ወይም ኢንተሮኮከስ ፌሲየም የተባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ያሉበትን ይፈልጉ፤ እነዚህ የሚሠሩት አንጀት ውስጥ ነው። ወተቱ ፈልቶ 38 ወይም 39 ዲግሪ ድረስ ከበረደ በኋላ ይጨመር። ትኩስ ወተት ላይ ከተጨመረ ሞቷል።

መጠኑን መለያው ለግልገል ከጻፈ እሱን ይከተሉ። ካልጻፈ በቀን ግማሽ ግራም ለአንድ ግልገል (5 ቢሊዮን ሲኤፍዩ) ጥሩ መነሻ ነው፤ ለ14ቱ 7 ግራም። አደባለቁ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 7 ግራም ዱቄት በአንዴ 2 ኪሎ መኖ ላይ ከተበተነ አንዱ ግልገል ሁሉን ይልሰዋል፣ ሌላው ምንም አይደርሰውም። መጀመሪያ በአንድ እፍኝ ፉርሽካ በእጅዎ ያሹት፤ ያንን ከግማሽ ኪሎ መኖ ጋር፣ ከዚያ ከቀረው ጋር ይቀላቅሉ። የዕለቱን በዕለቱ፣ በደረቁ። የረጠበ መኖ ላይ እርሾው ይነቃና ሳይበላ ካደረ ይበላሻል። ገበቴው ሁሉም በአንድ ጊዜ ራሳቸውን የሚያስገቡበት ይሁን፤ ትልልቆቹ ፍየሎች እንዳይገቡ ግልገል ብቻ የምታሳልፍ መግቢያ ይሥሩለት።

ኪሎ የሚያቆመው ግን በእኔ ግምት በእርሾ እጦት ሳይሆን በፉርሽካው ነው። ፉርሽካ ብቻውን ጉልበት ያንሰዋል፣ ፎስፈረሱም ስለሚበዛ ወንዶቹን ለሽንት ጠጠር ያጋልጣል። ለ10 ኪሎ መኖ፦ የተፈጨ በቆሎ 5 ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ 2.4፣ ፉርሽካ 2.3፣ ለመኖ የተዘጋጀ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 200 ግራም፣ ጨው 100 ግራም። ፕሮቲኑ ወደ 16 በመቶ ይሆናል። በትንሽ ጀምረው ቀስ በቀስ ወደ 150 ግራም በግልገል ያድርሱት፣ ጥሩ ድርቆሽና ንጹሕ ውሃም አይለይ። ሻጋታ ያለው ፋጉሎ አይግዙ፤ የሻጋታውን መርዝ፣ አፍላቶክሲንን፣ ይህ ዱቄት አይመልሰውም።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም
በዚህ ዕድሜ የሚያስቀምጣቸው ግልገሎች ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኮክሲዲያ የተባለ የአንጀት ጥገኛ ተህዋስ ነው፤ ፕሮባዮቲክ ደግሞ ኮክሲዲያን አይገድልም። ጅራታቸውን ገልጠው ይዩ። በጠጡ ፍሬ ፍሬ መሆኑን ትቶ ጥቁር ለጥ ያለ ከሆነ፣ ወይም ደም ወይም ንፍጥ ካለው፣ ትኩሱን በንጹሕ ፕላስቲክ ይዘው ወደ ላቦራቶሪ ይሂዱ። የታችኛውን የዓይን ሽፋንም ገልብጡት፤ ከነጣ ደም የሚመጥ ትል ሊኖር ስለሚችል አብሮ ይመርመር።

የኮክሲዲያ መድኃኒት የሆነው አምፕሮሊየም ከታዘዘ በሚዛን በታየ ኪሎ ይሰጥ፤ በዓይን ግምት አይሁን፣ ከታዘዘው ቀንም አይለፍ። ይህ መድኃኒት ቫይታሚን ቢ1ን ይሻማል፤ ሲበዛ ግልገሉ ዓይኑ እያየ የማያይ ይመስላል፣ አንገቱን ወደ ኋላ ይቀለብሳል። እንዲህ ከሆነ በዚያው ቀን የቢ1 መርፌ ያስፈልገዋል። ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ የሚወስድ ካለ ላክቶባሲለሱ አብሮ ያልቃል፤ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ለአንድ ሳምንት ቢሰጠው ይሻላል። እርሾው ግን ፈንገስ ስለሆነ ፀረ ባክቴሪያ አይነካውም።

ገበቴውን ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ያንሱት። በጠጥ የገባበት ገበቴ በሽታውን መልሶ ያመጣል። ግልገሉም የልደት ክብደቱን 2 ተኩል እጥፍ ሳይሞላና በቀን 100 ግራም መኖ መብላት ሳይጀምር ጡት አይጣል። በሚቀጥለው ወሊድ ደግሞ እንገሩ ከሁሉ ይቀድማል፦ በመጀመሪያው ቀን የክብደቱን 10 በመቶ፣ ለ2.5 ኪሎ ግልገል 250 ሚሊ ሊትር፣ የመጀመሪያው መጠጥ በተወለደ በ1 ወይም በ2 ሰዓት ውስጥ።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ገበቴው መሬት ላይ ነው ያለው። በጠጡን ነገ አደርሳለሁ። የዳቦ እርሾና እርጎ ግን ሳይመለሱ ቀሩ፤ ዱቄቱ መሥራቱንስ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ መኖ ቀላቃይ
የዳቦ እርሾ ዝርያው አንድ ነው፣ የተመረጠው ግን ሊጥ እንዲነፋ እንጂ ጨጓራ ውስጥ እንዲቆይ አይደለም፤ ማሸጊያውም ሲኤፍዩ አይጽፍም። ከሁሉ የሚያሰጋው በስኳርና በሞቀ ውሃ አስነስቶ አረፋውን ማጠጣት ነው፣ ሆድ ይነፋል። እርጎ ከፈላ ወተት የተሠራ ከሆነ ለጡጦዎቹ ትንሽ መስጠት አይጎዳም፤ ካልፈላ የፍየል ወተት ከሆነ በወተት የሚተላለፈው የብሩሴሎሲስ በሽታ አለና ይቅር። አተላም ለዚህ ዕድሜ አይሆንም።

መሥራቱን ለማወቅ ሚዛን የግድ ነው። በጾታና በክብደት የሚመሳሰሉትን ጥንድ ጥንድ አድርገው 7ቱን ከዱቄቱ ጋር፣ 7ቱን ያለ ዱቄት በየክፍላቸው ይመግቡ፤ ሌላው ሁሉ አንድ ይሁን። በየ2 ሳምንቱ ጠዋት መኖና ወተት ሳይቀምሱ በተንጠልጣይ ሚዛን ይመዝኑ፤ ከበሉ በኋላ ከተመዘኑ ሚዛኑ ላይ የሚታየው የሆዳቸው ሙላት ነው። 7 በ7 ትንሽ ቁጥር ስለሆነ ጥቂት ግራም ልዩነት አያሳምንም። ከ8 ሳምንት በኋላ የተጨመረው ሥጋ ዋጋ የዱቄቱን ዋጋ ካልመለሰ ዱቄቱን ጡት በሚተዉበትና መኖ በሚቀየርበት 2 ወይም 3 ሳምንት ብቻ ይስጡ፣ በቀረው ገንዘብ ፋጉሎ ይግዙ። የተከፈተውን ማሸጊያ አየር በማያስገባ ዕቃ፣ ከፀሐይ ራቅ አድርገው ያስቀምጡት።