በፈረቃ ለሚሠራ ሰው የፈረስ ተንከባካቢ መቅጠር፦ ክፍያው በምልልስ ይሻላል በወር?

የሌሊት ተረኛ፦
ሁለት ፈረሶች አሉኝ፤ አንዷ ባዝራ፣ ሌላው የተኮላሸ ወንድ፣ እያንዳንዳቸው 450 ኪሎ ገደማ። ፈረቃዬ 12 ሰዓት ነው፦ ሁለት ቀን፣ ሁለት ሌሊት፣ ከዚያ አራት ቀን እረፍት። በቀን ፈረቃ ከጋጣው ወጥቼ እስክመለስ 14 ሰዓት ይሞላል፤ ከሌሊቱ ፈረቃ ደግሞ ጠዋት የምወጣው እንቅልፍ ይዞኝ ነው። ለሚረዳኝ ሰው በምልልስ ልክፈል በወር? ምን ምኑን ልተውለት? ተረካቢዬ ቀርቶ ፈረቃው ሲረዝምስ?

ባልደራስ፦
መጀመሪያ ዙሩን ቁጠር። ያንተ ፈረቃ በ8 ቀን ይዞራል፣ ሳምንት ግን 7 ቀን ነው፤ የሥራ ቀኖችህ በየዙሩ አንድ ቀን ይገፋሉ። "ሰኞና ማክሰኞ ና" ተብሎ የተቀጠረ ሰው በሚቀጥለው ዙር አይሆንህም። ብዙው ስምምነት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። የሦስት ወር ሰሌዳህን አስቀድመህ ስጠው።

በዙር የሚያስፈልግህ አራት ምልልስ ነው፦ በቀን ፈረቃ እኩለ ቀን ላይ፣ ከሌሊት ፈረቃ በኋላ ጠዋት። በወር 15 ገደማ ይመጣል። የ12ቱን ምልልስ በየወሩ ብትጠራውም ባትጠራውም ክፈል፣ ከዚያ የሚበልጠውን በምልልስ አስብ። የጠራኸውን ያህል ብቻ መክፈል ርካሽ ይመስላል፤ ሰውየው ቋሚ ሥራ ያገኘ ዕለት ግን ያንተን ይጥላል። በሰዓት አትክፈል፤ ቀልጣፋው ይጎዳል፣ የሚንቀረፈፈው ይጠቀማል።

አንድ ምልልስ ምን እንደሚያካትት ጻፉት። ባልዲ አጥቦ መሙላት፣ ድርቆሽ መስቀል፣ ፋንድያና እርጥብ ጉዝጓዝ ማውጣት፣ የአራቱንም እግር ሰኮና ጎርጉሮ ማጽዳት፤ ለሁለት ፈረስ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ውኃና ድርቆሽ ብቻ ከሆነ 20 ደቂቃ ይበቃል፣ ዋጋውም ይለይ። ሐኪም ወይም ሰኮና የሚከረክመው ሰው ሲመጣ ፈረስ ይዞ መቆም ለብቻው ይታሰባል።

ድርቆሽ በሚዛን፦
ምኑን ልተውለት ላልከው፣ እሱ ራሱ መወሰን ያለበትን ነገር አትተውለት። 450 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን የክብደቱን 2 በመቶ፣ ማለትም 9 ኪሎ ያህል ድርቆሽ ይፈልጋል። ጠዋት 3፣ እኩለ ቀን 2፣ ማታ 4 አድርገህ በተንጠልጣይ ሚዛን እየመዘንክ መረቦቹን ቀድመህ ሙላ። የፈረስ ጨጓራ ቢበላም ባይበላም አሲድ ያመነጫል፤ 14 ሰዓት ባዶውን ከዋለ ለቁስለት ይጋለጣል። ስለዚህ የእኩለ ቀኑ ምልልስ አይዘለልም። ቀዳዳው 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ መረብ አበላሉን ያዘገየዋል፤ ግን ከፍ ተደርጎ ይታሰር፣ ባዶ ሲሆን ወርዶ እግር ይጠልፋል።

እህሉን ለእያንዳንዱ ምግብ በከረጢት ለይተህ የፈረሱን ስምና ሰዓቱን ጻፍበት። በጣሳ መስፈር ያሳስታል፤ አንድ ጣሳ ገብስ ከአንድ ጣሳ አጃ ይከብዳል፣ ፉርሽካ ደግሞ ከሁለቱም ይቀላል። በአንድ ጊዜ ከ2 ኪሎ አይለፍ። የእህል ቤቱ ይቆለፍ። ፈረስ ገብቶ እንዳሻው ከበላ ምልክት ሳይጠበቅ ሐኪም ይጠራል፤ ቁርጠቱና የሰኮናው ብግነት የሚታየው ሰዓታት ቆይቶ ነውና።

ውኃ ለአንድ ፈረስ በቀን ከ25 እስከ 40 ሊትር ነው። በራሱ የሚሞላ ገንዳ ለባለፈረቃ ምቹ ይመስላል፣ ግን ምን ያህል እንደተጠጣ አያሳይህም። እኔ ባልዲ እመርጣለሁ፤ የቀረውም ይመዝገብ። የሚጠጣው ካነሰና ፋንድያው ከደረቀ ሆዱ ሊደርቅ ነው።

ልጓም፦
ባልደራስ ባሉት የወር ክፍያ እስማማለሁ፤ የመጀመሪያው ወር ግን በምልልስ ይሁን፣ ሰውየው ገና አልታወቀምና። ከዚያ በፊት ሁለት ዙር አብረውት ይሥሩ፤ በመጀመሪያው እርስዎ እየሠሩ ይይ፣ በሁለተኛው እሱ ሲሠራ ዝም ብለው ይዩት።

ፈረቃ ሲረዝም መልእክት መጠበቅ አያዋጣም፤ ሥራ ቦታ ስልክ ላይያዝ ይችላል። "እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ደርሻለሁ ካላልኩ ሂድ" ብለው ይስማሙ። ለዚህ ድንገተኛ ምልልስ አንድ ተኩል እጥፍ ቢከፈል አግባብ ነው።

ፈረሱ ምግብ ከተወ፣ ጎኑን ዞሮ ዞሮ ካየ፣ በፊት እግሩ መሬት ከቧጠጠ ወይም ደጋግሞ ከተንከባለለ ምግቡ ይነሣ፣ ሐኪም ይጠራ። ጋጣው ግድግዳ ላይ ይህን ይለጥፉ፦ ባረፈበት የልብ ምት በደቂቃ ከ28 እስከ 44፣ ትንፋሽ ከ8 እስከ 16፣ ሙቀት ከ37.2 እስከ 38.3 ዲግሪ። ሐኪሙ በስልክ መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህን ነው። እርስዎ ካልተገኙ ማን እንደሚወስን፣ እስከ ምን ያህል ወጪም እንደፈቀዱ ለሐኪሙ በጽሑፍ ይስጡ። ረዳቱ ቢረገጥ የማሳከሚያውን ማን እንደሚችልም አስቀድሞ ይነገር።

የሌሊት ተረኛ፦
አመሰግናለሁ። ወደ መስክ ማውጣቱንስ ልተውለት? ባዝራዋ በር ላይ ትጣደፋለች።

ባልደራስ፦
በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አትተውለት። ከዚያም ሁለቱን በአንድ እጅ ይዞ በጠባብ በር እንዳያልፍ። ከገባ በኋላ በሩን ዘግቶ፣ የፈረሷን ፊት ወደ በሩ መልሶ፣ ራሱ በር በሩ ላይ ቆሞ ይፍታት። ፊቷ ወደ መስኩ እንዳለ ከተፈታች ስትፈረጥጥ በኋላ እግሯ ታገኘዋለች። ገመዱን እጁ ላይ እንዳይጠመጥም በተለይ ንገረው።