ለዱቤ፣ ለቅሬና ለቀጠሮ፦ ደሴ ላይ ያለ ኔትወርክም የሚሠሩ ቀላል መተግበሪያዎች (ጥቆማ)

በሰኞ ገበያ በኩል የእህል ሱቅ ያላቸው ጎረቤቴ ባለፈው ሳምንት አንድ ጥያቄ አቀረቡልኝ፦ «የዱቤውን ሒሳብ፣ የዕቁቡን ቀንና የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚይዝልኝ መተግበሪያ የትኛው ነው? ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ደንዝዞ የሚቀር ከሆነ ግን አልፈልገውም።» የሰፈራችንን ቅሬ (ዕድር) መዝገብ የምይዘው እኔ በመሆኔ ተመሳሳይ ጥያቄ ከሌሎችም ይደርሰኛል፤ ስለዚህ በራሴ ስልክና በሥራ ቦታ ኮምፒዩተር የሞከርኳቸውን እያነጻጸርኩ መልሱን በጽሑፍ አቀርባለሁ።

ጎረቤቴ ያስቀደሙት መመዘኛ እኔም የማስቀድመው ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ፣ በስልካችን ላይ የነበሩት መተግበሪያዎች ሁሉ በሁለት ወገን ተለዩ፤ ግማሾቹ ያለ ኢንተርኔትም ሲከፈቱ፣ ግማሾቹ ባዶ ገጽ ብቻ ያሳዩን ነበር። ወረቀትም ቢሆን የራሱ ስጋት አለው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ከተማዋ ሲቃረብ ከቤት ስንወጣ የቅሬው መዝገብ ሳይያዝ ቀርቶ ስንመለስ አላገኘነውም፤ የማን መዋጮ እስከ የትኛው ወር እንደተከፈለ እርስ በርስ ተጠያይቀን፣ አንዳንዱንም በእምነት ተቀብለን ነው እንደገና የጻፍነው። ስለዚህ የምመርጠው በእጅ ስልክ ላይ ያለ ኔትወርክ የሚጻፍበትን፣ ኔትወርክ ሲመጣ ደግሞ ቅጂውን ሌላ ቦታ የሚያኖረውን ነው።

ለአጭር ማስታወሻ ጎግል ኪፕን አስቀድማለሁ። በነጻ ይገኛል፣ በስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይጻፍበታል፣ የግዢ ዝርዝር ሲሆን ደግሞ የተገዛው ላይ ምልክት እያደረጉ መሄድ ይቻላል፤ ጉድለቱ በኮምፒዩተር ላይ ለመክፈት ኢንተርኔት መፈለጉ ነው። ብዙ ሰው ግን ለዚሁ ሥራ የሚጠቀመው በቴሌግራም ለራሱ መልእክት በመላክ ነው። ይህን አልነቅፍም፤ ፎቶም፣ ድምፅም፣ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይልም ያለ ክፍያ ይቀመጥበታል። ሆኖም ቴሌግራም ላይ ለራስ የሚቀጠረው ማስታወሻ የሚላከው ከኩባንያው ሰርቨር በመሆኑ ዳታ ከሌለ በሰዓቱ አይደርስም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ አካውንቱ ለተወሰኑ ወራት ሳይከፈት ከቆየ ከነሙሉ ይዘቱ በራሱ የሚጠፋበት ቅንብር ያለው መሆኑ ነው፤ ዳታ ለወራት ሊቋረጥ እንደሚችል ያየን ሰዎች ይህን ቅንብር ከፍተን ወደ ረጅሙ ጊዜ ማዞር ይኖርብናል። ኤቨርኖት የተባለውን ቀድሞ ለብዙ ሰው እጠቁም ነበር፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ ግን በነጻ የሚፈቅደውን የማስታወሻ ብዛት በ50 ስለወሰነና ለተጨማሪው የሚጠይቀው ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ትቼዋለሁ።

በቀጠሮና በማስታወሻ ደወል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ አንድ የዘመዴ ልጅ፣ ሰርቪሱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ስለሚያልፍ ስልኩን በ11፡00 ሞልቶ ተኛ፤ ስልኩ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር የማታውን 11፡00 ተረድቶ ገና ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ጮኸበት፤ ልጁም አጥፍቶት ተኝቶ ሰርቪሱ አመለጠው። በእኛ አቆጣጠር የንጋቱ 11 ሰዓት በስልኩ የጠዋት 5፡00 ነው፤ የጠዋቱ 2 ሰዓትም በስልኩ 8፡00 ነው፤ በሁለቱ መካከል ሁልጊዜ የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ እንቅልፍ የያዘው ሰው ግን ይረሳዋል።

የቀኑ ጉዳይ ከሰዓቱ የረቀቀ ነው። ዕቁቡ ወር በገባ በ5 የሚጣል ነው እንበል። መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2025 ስለነበረ፣ ጎግል ካላንደርን «በየወሩ በ15 አስታውሰኝ» ብለው ቢያዙት ጥቅምት ላይ በትክክል በ5 ይደውላል፤ ኅዳር ላይ ግን በ6፣ ጥር ላይ በ7፣ የካቲት ላይ በ8 ይሆንና የዕቁቡ ዳኛ ቅጣት ከጻፈብዎ በኋላ ያስታውስዎታል። መፍትሔው «በየወሩ» የሚለውን ትቶ ድግግሞሹን በራስ ምርጫ «በየ30 ቀኑ» ብሎ መሙላት ነው፤ ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ ከመስከረም እስከ ነሐሴ አንድም ቀን አይስትም። ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ስለምትጨምር በአዲስ ዓመት አንድ ጊዜ እንደገና ማስተካከል ብቻ ይቀራል። በየሳምንቱ ለሚጣል ዕቁብ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። አንዴ በስልኩ ላይ የተመዘገበ ቀጠሮ ዳታ ባይኖርም ስለሚደውል፣ በዚህ በኩል ካላንደሩ ከቴሌግራም ይሻላል።

ወደ ዱቤው ስመጣ፣ ከሁለቱ የሠንጠረዥ መተግበሪያዎች፣ ከኤክሴልና ከጎግል ሺትስ፣ ሁለተኛውን እመክራለሁ። ሁለቱም በስልክ ላይ መልካም ናቸው፤ ነገር ግን የጎረቤቴ ልጅ ኮምቦልቻ ስለምትኖር እናትና ልጅ አንዱን መዝገብ ከሁለት ቦታ ሆነው ማየታቸው በሺትስ ይቀላል። ኔትወርክ ከመጥፋቱ በፊት ፋይሉን «ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት» ብሎ ማዘዝ እንዳይረሳ። ዓምዶቹ ቀን፣ ስም፣ ዕቃ፣ ዱቤ፣ የተከፈለና ቀሪ ቢሆኑ ይበቃል። እዚህም ላይ የዘመን አቆጣጠራችን ወጥመድ አለው፦ በቀን ዓምድ 2018-02-12 ብለው ሲጽፉ ሺትስ ጥቅምት 12ን ፌብሩዋሪ 12 አድርጎ ይወስደዋል፤ 2018-02-30 ብለው ጥቅምት 30ን ሲጽፉ ግን ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይቆጥረዋል፤ በመጨረሻ መዝገቡን በቀን ቅደም ተከተል ላድርግ ሲሉ ግማሹ ላይ፣ ግማሹ ታች ይሆናል። እኔ የቅሬውን መዝገብ ሁለት ጊዜ ካመሳቀልኩ በኋላ ነው የገባኝ። ገና ሳይጻፍ ዓምዱን ወደ ተራ ጽሑፍ መለወጥና ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን በዚሁ ቅደም ተከተል፣ ነጠላ አኃዞችንም 05 እያሉ በሁለት አኃዝ መጻፍ ችግሩን ይፈታል።

በአማርኛ ለመጻፍ በስልክ ጂቦርድ የተባለው የጎግል ኪቦርድ ከበቂ በላይ ነው፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛን በድምፅ ተቀብሎ ስለሚጽፍ፣ ፊደል መልቀም ለሚያታክታቸው ታላላቆቻችን ኢንተርኔት ባለበት ሰዓት ትልቅ እፎይታ ነው፤ ስሞችን ግን እያረሙ መሄድ ያስፈልጋል። በኮምፒዩተር ላይ ፓወር ግዕዝን የለመደ ሰው ልተው አይልም፤ እንዲተውም አልጠይቅም፤ የምጠይቀው በዩኒኮድ፣ ማለትም በማንኛውም ስልክና ኮምፒዩተር ላይ በሚነበበው የፊደል አመዘጋገብ፣ እንዲጽፍ ብቻ ነው። በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ስልክ ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት የሚሆነው በዩኒኮድ ባለመጻፉ ነው። አዲስ ለሚጀምር ሰው ኪማን የተባለው ነጻ የመጻፊያ ፕሮግራም ይቀላል።

ሰነድ ስካን ለማድረግ ሌላ ነገር ሳያወርዱ ጎግል ድራይቭ ውስጥ ያለውን የስካን ቁልፍ ይጠቀሙ፤ ጠርዙን ራሱ ቆርጦ ፒዲኤፍ ያደርግልዎታል። ካምስካነር የተባለው የስካን መተግበሪያ በ2019 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ላይ በውስጡ ጎጂ ፕሮግራም ተገኝቶበት ከጎግል መደብር ወርዶ ነበር፤ በኋላ ታርሞ ቢመለስም እኔ አልተመለስኩለትም። ከፒያሳ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤቶች ጋር ሲነጻጸር፣ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ለሚላክ አንድ ሁለት ገጽ ስልኩ ይበልጣል፤ መሥሪያ ቤቱ ወረቀቱን ራሱን ከፈለገ ወይም አንድ ሙሉ መዝገብ የሚገለበጥ ከሆነ ግን የእነርሱ ማሽንና እጅ ይፈጥናል። እዚያ ሲሄዱ የመታወቂያዎ ፋይል በኮምፒዩተራቸው ላይ እንዳይቀር አጠገባቸው ቆመው ያስጠፉ፤ ፍላሽዎም ቫይረስ ይዞ እንዳይመለስ ፋይሉን ከስልክ መላክ ይሻላል።

ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት የጂሜይል አካውንቱ ነው። ብዙዎቻችን ስልክ ስንገዛ አካውንቱን የከፈተልን የሞባይል ቤቱ ልጅ ነው፤ የይለፍ ቃሉንም የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው፣ ምናልባትም እርሱም ረስቶታል። እኔ አንድ ስልክ ሲሰበርብኝ የሁለት ዓመት ማስታወሻ ያጣሁት በዚህ ምክንያት ነበር። ስለዚህ ለጎረቤቴ ማንኛውንም መተግበሪያ ከመጫኔ በፊት የይለፍ ቃሉን በእጃቸው አስቀይሬ፣ የልጃቸውን ስልክ ቁጥር ለመልሶ ማግኛ አስመዘገብኩ። የወረቀት ደብተራቸውን ግን አልጣሉም፤ ቀን ቀን በደብተሩ ይጽፋሉ፣ ማታ ማታ ወደ ሺትስ ይገለብጣሉ፤ ኮምቦልቻ ያለችው ልጃቸውም ድምሩን ታያለች።