ምርጫ ጦርነትን ያበርዳል ወይስ ያባብሳል?

ከፒያሳ፦ ትናንት አራት ኪሎ ቡና ላይ የጀመርነውን ክርክር እዚህ እንቀጥል። በጦርነት የታመሰ አገር ዲሞክራሲ ሰላም ያመጣለታል? ወይስ መጀመሪያ ሰላም፣ ከዚያ ምርጫ? እኔ መጀመሪያ ሰላም ባይ ነኝ። ኢራቅን እዩ። እ.ኤ.አ. በጥር 2005 ሕዝቡ ፍንዳታ እየሰማ ወጥቶ መረጠ። አብዛኞቹ ሱኒዎች ግን ቀሩ። በዓመቱ ሺዓና ሱኒ ተፋጁ።

ከካዛንቺስ፦ ልክ ነህ። የሚያስፈልገው ጠንካራ መንግሥት ነው። ልጁን በሰላም ትምህርት ቤት መላክ ያልቻለ ሰው የምርጫ ካርድ ምን ይሠራለታል?

ከአራት ኪሎ፦ ጠንካራ መንግሥት የምትሉት ነገር አይዋጥልኝም። ሊቢያና ሶሪያ ለ40 ዓመታት ያህል ጠንካራ መንግሥት ነበራቸው። ሲናጋ ግን ሰው የሚካሰስበትና የሚታረቅበት ቦታ አልተገኘም። ለእኔ ዋናው ጥያቄ ምርጫ መኖሩ አይደለም። የተሸነፈው ወገን ነገ ምን ይሆናል? ነው።

ላይቤሪያን ላንሳ፣ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። በ1997 የአማፂው መሪ ቻርልስ ቴይለር 75 በመቶ ድምጽ አግኝቶ አሸነፈ። ተዋጊዎቹ ግን በቅጡ ትጥቅ አልፈቱም ነበር። ብዙ ሰው የመረጠው ከተሸነፈ ጫካ ይመለሳል ብሎ ፈርቶ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ጦርነቱ አገረሸ። በ2003 አክራ ላይ ስምምነት ተፈረመ፣ ቴይለር አገር ለቆ ወጣ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጦር ገባ። የእኛም ወታደሮች ነበሩበት። ትጥቅ ተፈታ፣ በ2005 ምርጫ ተደረገ። የቀድሞው እግር ኳስ ተጫዋች ጆርጅ ዊሃ ተሸነፈ። ደጋፊዎቹ አደባባይ ወጡ፣ እሱ አቤቱታ አስገባ፣ በኋላም ተወው። በ2017 አሸነፈ። በ2023 በጠባብ ልዩነት ሲሸነፍ ለተቀናቃኙ ስልክ ደውሎ እንኳን ደስ አለህ አለ። አገሩ ያው ነው፣ ሕዝቡም ያው።

ከፒያሳ፦ እሱማ የሰላም አስከባሪው ሥራ ነው!

ከአራት ኪሎ፦ ያለ እነሱ አይሆንም ነበር፣ እውነት ነው። ግን በ2018 ወጥተዋል። የ2023ቱ ምርጫና ከዚያ በኋላ የመጣው ርክክብ ያለ እነሱ ነው የተደረገው።

ከሜክሲኮ፦ የእኛንስ ለምን ትዘሉታላችሁ? ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ ነው የተሰለፍኩት። ከፊቴ አንዲት እናት ነበሩ፣ እግራቸው አብጦ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ወንበር ሲመጣላቸው «ተራዬ ያልፋል» ብለው እንቢ አሉ። ከዚያ የመጣውን ታውቃላችሁ። ከምርጫው በኋላ የተነሳውን ግጭት የመረመረው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መሞታቸውን መዘገበ። እሳቸውን ሳስብ አሁንም አንጀቴ ይላወሳል። ምርጫው ነው ወይ ሰው የገደለው?

ከአራት ኪሎ፦ አይደለም እህቴ። ሁለቱም ወገን የሚያምነው ዳኛ አልነበረም። ኬንያም በእ.ኤ.አ. 2007 እንዲሁ ሆነ። ተቃዋሚዎች ፍርድ ቤቱን አላመኑትም፣ ከ1,000 በላይ ሰው አለቀ። በ2010 ሕገ መንግሥቱን ለወጡ። በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሥልጣን ላይ ያለውን ፕሬዚዳንት ድል ሰረዘ። ያኔም ሰው ሞቷል፣ ያንን አልክድም። እንደ 2007ቱ ግን አገሩ አልነደደም።

ከካዛንቺስ፦ እሺ፣ ዛሬ ተኩስ ባለበት ወረዳ ኮሮጆ ይዘን እንግባ ነው የምትለው?

ከአራት ኪሎ፦ አላልኩም። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ትግራይ ውጊያ ላይ ነበረች፣ ድምጽ አልሰጠችም፣ ፓርላማ ውስጥም ወንበሯ ባዶ ቀረ። ንግግሩና የደህንነት ዋስትናው ይቅደም፣ በዚህ ከፒያሳው ወንድሜ ጋር እስማማለሁ። ግን «መጀመሪያ ሰላም» የሚል ሁሉ ቀን ይቁረጥ። ደቡብ ሱዳን በእ.ኤ.አ. 2011 ነፃ ወጣች፣ በ2013 እርስ በርስ ተዋጋች። ምርጫው አገሩ ሲረጋጋ ይደረጋል እየተባለ ደጋግሞ ተራዘመ፣ የ2024ቱም ወደ 2026 ተገፋ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ተኩሱ መች ቆመ?