ክርክር፦ እጅግ መርዛማ ፀረ ተባዮች ከገበያ ይውጡ ወይስ ቆልፎ ማስቀመጥ ይበቃል?

የመወያያ ጥያቄው፦ ራስን ማጥፋትን ለመከላከል በጎጃም ገበያዎች የሚሸጡ እጅግ መርዛማ ፀረ ተባዮች ይታገዱ?

የጤና መኮንን፣ ደብረ ማርቆስ
ይታገዱ እላለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓመት ከ720,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድም ሦስተኛው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ብዙዎቻችን ውሳኔው ለወራት የተመከረበት ይመስለናል፤ ሆኖም ጭንቀቱ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ለአጭር ሰዓት ስለሆነ፣ በዚያች ሰዓት መርዙ ከቤት ከጠፋ ሰው ይተርፋል፤ ከተረፉትም አብዛኞቹ ኋላ በዚህ ምክንያት አይሞቱም። ስሪላንካ እጅግ መርዛማዎቹን ደረጃ በደረጃ ካገደች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የነበረው ራስን የማጥፋት መጠን በ20 ዓመት ውስጥ 70 በመቶ ያህል ወርዷል።

በቆሎ አምራች፣ ቡሬ
ይህችው ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2021 የኬሚካል ማዳበሪያ በአንድ ጊዜ ከልክላ፣ ምርቷ ሲያሽቆለቁል በዚያው ዓመት ውሳኔዋን አጥፋለች። ነቀዝ ጎተራዬን ሲፈጀው ማን ይደርስልኛል? መድኃኒቱን በሳጥን ቆልፎ ማስቀመጥ አይበቃም?

የጤና መኮንን፣ ደብረ ማርቆስ
ወንድሜ፣ ሁለቱ ክልከላዎች ለየቅል ናቸው፤ ቀደም ሲል የታገዱት ምትክ ያላቸው የተመረጡ ኬሚካሎች በመሆናቸው የአገሪቱ ምርት በዚያ ሳቢያ አልቀነሰም። ሳጥኑም ቢሆን እዚያው ስሪላንካ ገጠር ውስጥ በሰፊው ተሞክሮ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ በመርዝ ራስን መጉዳትን አለመቀነሱ ታይቷል። ቁልፉ ከቤተሰቡ እጅ ከሆነ ምን ይጠቅማል?

የቅኔ መምህር፣ ቢቸና
ሁላችሁም ዝምታውን ረሳችሁት። ቤተሰብ ፍትሐት እንዳይከለከልበት ሲል «በድንገት ታሞ ነው» ብሎ ይቀብራል፤ እንዲህ ያለው ሞት ከማንም መዝገብ አይገባምና የመከራው ልክ አይታወቅም። የንስሐ አባት ልጁን «ሞት ታስባለህ ወይ?» ብሎ ቢጠይቀው ግን ሐሳብ ያስገባበት ይሆን?

የጤና መኮንን፣ ደብረ ማርቆስ
አያስገባበትም፣ መምህር፤ በጥናት የታየው በቀጥታ መጠየቅ ሸክም እንደሚያቀል ነው። የሚጎዳው በየለቅሶው አሟሟቱን መዘርዘር ነው፤ እርስዎ ከጠየቁት በኋላ ብቻውን ሳይተዉት ወደ ጤና ጣቢያ ቢያደርሱት ከብዙ ምክር ይበልጣል።

በቆሎ አምራች፣ ቡሬ
ምትኩ ነቀዙ ከመግባቱ በፊት፣ በምችለው ዋጋ ከኅብረት ሥራ ማኅበራችን መጋዘን ከደረሰ እገዳውን አልቃወምም። ካልደረሰ ግን ነጋዴው በድብቅ ይሸጥልኛል፤ እኔም እገዛዋለሁ።